ቀዩ ካርድ ለምን ግራጫ ሆነ?

በዚህ የዓመት መጽሔታችን መካከለኛ ገጾች ላይ የምታዩአቸው ፎቶግራፎች በጥር ወር ወደ ሙሻ ደሴት ባደረግነው የትምህርት ጉዞ የተነሡ ናቸው። የዚያን ዕለት ማታ በጀልባ ወደ ጅቡቲ ከተማ ስንመለስ ልጆቻችን ስላዩት ነገር እየተሻሙ ሲያወሩ የሰማ ሁሉ ፎቶግራፎቹን ለማየት ይጓጓ ነበር። እኛም ጓጉተን ነበር። በማግሥቱ በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ስንከፍታቸው ግን አብዛኞቹ ሰማያዊ ውሃ፣ በውሃው መካከል ደግሞ የደበዘዘ ግራጫ ጥላ ብቻ ሆነው አገኘናቸው። አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ ለረጅም ጊዜ ስትመለከት ቆይታ፣ «ካሜራው ተበላሽቶ ነው ወይስ እኛ ነን የተሳሳትነው?» ስትል ጠየቀች።

ካሜራው አልተበላሸም። ጥያቄዋ ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚመለስ ስላልሆነ ይህን ጽሑፍ ልናዘጋጅ ተነሣን። ሌላም ምክንያት አለን። እኛ ጅቡቲ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ባሕሩን በየቀኑ እናየዋለን። ከወላጆቻችን አንዳንዶቹ ወደብ ላይ ይሠራሉ፤ ሌሎቹ በጋላፊ መንገድ ከባድ መኪና ይነዳሉ። የምናየው ግን የባሕሩን ላይ ብቻ ነው። አብዛኞቻችን ከደጋ የመጣን፣ ዋና ሳንማር ያደግን ሰዎች ነን። ልጆቻችን ከውሃው በታች ያዩትን ለእናት ለአባታቸው ለማሳየት ከፎቶግራፍ በቀር ሌላ መንገድ የላቸውም። ፎቶው ግራጫ ከሆነ፣ ወሬያቸውም ተረት መስሎ ይቀራል።

ስለዚህ የፊዚክስ መምህራችን አንድ ሙከራ አደረጉ። እርሳቸው የመጥለቅ ፈቃድ ያላቸው በመሆናቸው ከመዋዕለ ሕፃናት ክፍላችን አምስት ባለቀለም ካርዶች ወስደው፣ በላስቲክ አሽገው፣ ከጓደኛቸው ጋር 12 ሜትር ድረስ ወረዱ። ካርዶቹ ቀይ፣ ብርቱካንማ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ነበሩ። በዚያ ጥልቀት ያለ ፍላሽ ሲነሡ ሰማያዊው ሰማያዊ ሆኖ ቀረ፤ አረንጓዴውም ብዙ አልተለወጠም፤ ቢጫው ወደ አረንጓዴ አደላ፤ ብርቱካንማው ቡናማ መሰለ፤ ቀዩ ግን ጥቁር ግራጫ ሆነ። ካርዶቹን ውሃ ሳይነካቸው የሚያውቋቸው ትንንሾቹ ልጆቻችን ፎቶውን ሲያዩ «ቀዩን ማን ወሰደው?» አሉ።

ቀዩን የወሰደው ውሃው ነው። ነጭ የምንለው የፀሐይ ብርሃን የቀስተ ደመና ቀለማት ድብልቅ ነው። ውሃ እነዚህን ቀለማት እኩል አያሳልፍም። ቀይ ብርሃን በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች ውስጥ አብዛኛው ይዋጣል፤ ቀጥሎ ብርቱካንማው፣ ከዚያ ቢጫው ይጠፋል፤ ሩቅ የሚዘልቀው ሰማያዊ ነው። ባሕሩ ሰማያዊ የሚመስለንም በዋናነት በዚሁ ምክንያት ነው። አንድ ጠላቂ በጥልቅ ቦታ ጣቱን ቢቆርጠው የሚፈሰው ደም ቀይ ሳይሆን አረንጓዴ ቢጤ ሆኖ ይታየዋል። ደሙ ቀለሙን አልቀየረም፤ ቀይነቱን የሚያሳይ ብርሃን እዚያ ስላልደረሰ ነው።

ታዲያ ልጆቹ በዓይናቸው ቀለሙን እንዴት አዩት? ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። አንደኛ ልጆቹ የዋኙት ከላይ፣ በመተንፈሻ ቱቦ፣ ሁለት ሜትር በማይሞላ ውሃ ውስጥ ስለነበር ቀይ ብርሃን ገና አላለቀም። ሁለተኛ አእምሯችን ዝም ብሎ አይመለከትም፤ ያርማል። ሰማያዊው በበዛበት ቦታ ትንሽ ስንቆይ አእምሯችን ያን ሰማያዊ እየቀነሰ ሌላውን ያጎላዋል። ካሜራ ግን ካላዘዙት በቀር እንዲህ ያለ ርኅራኄ የለውም። ዋይት ባላንስ የሚባለውን ማስተካከያ በመጠቀም ካሜራው ነጩ የትኛው እንደሆነ እንዲያውቅ ማድረግ ይቻላል፤ ይህ ግን የሚጠቅመው ጥቂትም ቢሆን ቀይ ብርሃን በቀረበት፣ ጥልቀቱ አነስተኛ በሆነ ቦታ ነው። ጨርሶ የሌለ ነገር ሊጎላ አይችልም።

መምህራችን ሁለተኛውን ፎቶ በፍላሽ አነሡ። ከካርዱ ግማሽ ሜትር ርቀው ሲያነሡት ቀዩ እንደ ገና ቀይ ሆነ። ሦስት ሜትር ርቀው ያነሡት ጊዜ ግን ፍላሹ ቢበራም ቀዩ አልተመለሰም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እኛም ተሳስተን ነበር። ቀለም የሚጠፋው በጥልቀት ብቻ አይደለም፤ ብርሃኑ በውሃ ውስጥ በሚጓዘው ጠቅላላ መንገድ ነው። የፍላሹ ብርሃን ሦስት ሜትር ሄዶ፣ ካርዱን ነክቶ፣ ሦስት ሜትር ይመለሳል። ያ ስድስት ሜትር ውሃ ነው። ስለዚህ የባሕር ውስጥ ፎቶ አንሺዎች ሁሉ የመጀመሪያ ምክራቸው አንድ ነው፤ ቅረብ፤ ቀርቤአለሁ ስትል ደግሞ ገና ቅረብ።

መቅረብ የሚያስፈልገው ለቀለም ብቻ አይደለም። ሙሻ አካባቢ ያለው ውሃ ንጹሕ ቢመስልም በዓይን በማይታዩ ፍጥረታትና በደቃቅ አሸዋ የተሞላ ነው። ፍላሹ ከሌንሱ አጠገብ ሲሆን እነዚያ ደቃቅ ነገሮች ብርሃኑን መልሰው ወደ ሌንሱ ስለሚወረውሩት ፎቶው በረዶ የጣለበት ይመስላል። በአቧራ ወይም በጭጋግ ውስጥ ረጅም መብራት ያበራ ሾፌር የሚያየው ግድግዳ ይኸው ነው፤ ሾፌር ወላጆቻችን ከእኛ የተሻለ ሊያስረዱን ይችላሉ። መድኃኒቱም ተመሳሳይ ነው፤ ብርሃኑን ከዓይን ማራቅ። ባለሙያዎች ፍላሻቸውን በረጅም ክንድ ላይ አድርገው ወደ ጎን የሚያርቁት ስለዚህ ነው። በእኛ በተከራየነው ትንሽ ካሜራ ላይ ፍላሹ ከሌንሱ ሦስት ጣት አይርቅም። ያን ቀን አጥፍተነው ብንጠቀም ይሻል ነበር።

ሌላው ውሃ የሚሠራው ሸፍጥ ርቀትን ማሳሳት ነው። ብርጭቆ ውስጥ የተነከረ እርሳስ የተሰበረ መስሎ እንደሚታይ ሁሉ፣ ብርሃን ከውሃ ወጥቶ በመነጽራችን ውስጥ ወዳለው አየር ሲገባ ይታጠፋል። በዚህም የተነሣ ነገሮች ከእውነተኛ ርቀታቸው ሦስት አራተኛው ላይ ያሉ፣ መጠናቸውም በአንድ ሦስተኛ ያህል የጨመረ ይመስላሉ። አንድ ተማሪያችን «ክንዴን የሚያህል ዓሣ አየሁ» ሲል ዋሽቶ አይደለም፤ የክንዱን ሦስት አራተኛ የሚያህል ዓሣ አይቷል።

ይህ ሁሉ ችግር እያለ የባሕር ውስጥ ፎቶግራፍ እንዴት ተጀመረ? ፈረንሳዊው የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ሉዊ ቡታን እ.ኤ.አ. በ1893 በደቡብ ፈረንሳይ ባንዩልስ በተባለች የባሕር ዳር ከተማ ካሜራውን ውሃ በማያስገባ ሣጥን አድርጎ ወደ ባሕር አወረደው። ብርሃኑ ደካማ፣ የዘመኑ ፊልምም ሰነፍ ስለነበር አንዳንዱ ፎቶ እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅ ነበር። የትኛው ዓሣ ነው ግማሽ ሰዓት የሚቆምለት? ባለቀለም ፎቶ የመጣው ደግሞ ዊልያም ሎንግሌይ የተባሉ ሳይንቲስትና ቻርልስ ማርቲን የተባሉ ፎቶግራፍ አንሺ በፍሎሪዳ ባሕር ባደረጉት ሥራ ነው፤ ፎቶዎቹ እ.ኤ.አ. በ1927 በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ታተሙ። ለብርሃን የተጠቀሙት በውሃው ላይ በሚንሳፈፍ መደብ ላይ የማግኒዚየም ዱቄት እያነደዱ ነበር። አንድ ጊዜ ዱቄቱ ሳይታሰብ ፈንድቶ ሎንግሌይን ክፉኛ አቃጥሏቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1943 ዣክ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን ጠላቂው አየሩን በጀርባው ተሸክሞ የሚተነፍስበትን መሣሪያ ሠሩ። ኩስቶ ኋላ ወደዚህ ወደ እኛው አካባቢ መጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 በሱዳን ጠረፍ ሻዓብ ሩሚ በተባለ የቀይ ባሕር ሪፍ ሥር ሰዎች የሚኖሩበት ቤት አቁሞ ፊልም አንሥቷል።

ወደ ሙሻ እንመለስ፤ ምክንያቱም ስለ መቅረብ ስንጽፍ ልንደብቀው የማይገባን ነገር አለ። ያን ቀን ጥፋት የሠሩት ተማሪዎቹ አይደሉም፤ እኛ ነን። አንድ ቢጫ ዓሣ ከኮራሉ ሥር ብቅ ጥልቅ ሲል አይተን፣ ካሜራው እጃችን ላይ ስለተንቀጠቀጠ፣ እግራችንን ድንጋይ በመሰለን ነገር ላይ አሳርፈን ተደላደልን። ጀልባውን የሚነዱት አዛውንት በወጣትነታቸው ድሬዳዋ የኖሩ፣ አማርኛ አጥርተው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ከጀልባው ላይ ሆነው፣ «መምህር፣ እግርዎን ያንሡ! የቆሙት ሕይወት ባለው ነገር ላይ ነው» አሉን። ልጆቹ ሁሉ ዞረው አዩን። እግራችንን ስናነሣ የጣት ውፍረት ያለው አንድ ቅርንጫፍ ተሰብሮ አገኘነው።

ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ ድንጋይ አይደለም፤ ተክልም አይደለም። ፖሊፕ የሚባሉ ደቃቅ እንስሳት በብዙ ሺህ ተጎራብተው የሚኖሩበት ከተማ ነው። እያንዳንዱ ፖሊፕ ከባሕር ውሃ ባወጣው ካልሲየም የራሱን የኖራ ቤት ይሠራል፤ የቤቶቹ ክምችት በብዙ መቶ ዓመታት ሪፍ ይሆናል። በሥጋቸው ውስጥ በዓይን የማይታይ አልጌ ይኖራል፤ አልጌው ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ሠርቶ ለአከራዩ ያካፍላል፤ ኮራሉ ከሚያስፈልገው ኃይል አብዛኛውን የሚያገኘው ከዚህ ተከራይ ነው። ቀለሙንም የሚሰጠው በአመዛኙ እርሱ ነው። እንደ ጉልላት ክብ ሆነው የሚያድጉት የኮራል ዓይነቶች በዓመት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቢጨምሩ ነው። እኛ በአንድ ሰከንድ የሰበርነው የቅርንጫፋሙ ዓይነት ቶሎ የሚያድግ ቢሆንም ያን ጣት የሚያህል ለመተካት ወራት ያስፈልጉታል። ሙሻና ጎረቤቷ ማስካሊ ከ1970ዎቹና ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሕግ የተጠበቁ ቦታዎች የሆኑት ያለ ምክንያት አይደለም።

ሠልጥነው የሚጠልቁ ሰዎች ምንም ሳይነኩ የሚቆሙት በትንፋሻቸው ነው። ሳንባ ሲሞላ ሰውነት በትንሹ ከፍ ይላል፤ ሲተነፍሱት ዝቅ ይላል። ይህን ሚዛን ያልለመደ ሰው ካሜራ ሊያዝ አይገባውም እንላለን። በአሁኑ ጊዜ ይህ ለእኛም ትእዛዝ ነው፤ የፊዚክስ መምህራችን ካሜራውን ከእጃችን ወስደዋል።

ዓሣ ደግሞ ሲያባርሩት ይሸሻል፤ የሚሸሽ ዓሣ ፎቶ ጅራት ብቻ ነው። የተሻለው ዘዴ አንድ ቦታ መርጦ፣ ከዓሣው እኩል ከፍታ ላይ ሆኖ፣ እስኪለምድዎ መጠበቅ ነው። ከላይ ወደ ታች የተነሣ ፎቶ ዓሣውን ከሪፉ ጋር ይደባልቀዋል። በዚህ ረገድ ከልጆቻችን መካከል ጥሩ ፎቶ ያነሣው አንድ ዝምተኛ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነው። አኒሞን በሚባለው ባለ ብዙ ጣት የባሕር እንስሳ አጠገብ፣ ውሃው ደረቱ በሚደርስበት አሸዋማ ቦታ ቆሞ፣ ለሃያ ደቂቃ ሳይንቀሳቀስ ጠብቋል። ፎቶው ላይ ያለውን ዓሣ ልጆቹ ሁሉ «ኒሞ» አሉት። ዘመዱ ነው እንጂ እርሱ አይደለም፤ የፊልሙ ኒሞ ሦስት ነጭ ሰንበር አለው፣ የቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤው ግን ሁለት ብቻ። እነዚህ ዓሦች ሁሉም ወንድ ሆነው ያድጋሉ፤ በአንድ አኒሞን ላይ የምትኖረው ትልቋ ሴት ስትሞት ቀጥሎ ያለው ትልቁ ወንድ ተለውጦ ሴት ይሆናል። ይህን በክፍል ስናስረዳ የተነሣውን ሳቅ ለማብረድ አንድ ክፍለ ጊዜ ፈጅቶብናል።

ለወላጆች ደግሞ አንድ ነገር በግልጽ ልንናገር እንወዳለን። ከልጆቹ ውስጥ በጉዞው ላይ በአየር ሲሊንደር የጠለቀ የለም። ብዙ ሰው በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይመስለዋል፤ ለመዝናኛ ጠላቂዎች የሚሞላው ግን አብዛኛውን ጊዜ የታመቀ ተራ አየር ነው። ውሃ በየ10 ሜትሩ የአንድ ከባቢ አየር ያህል ግፊት ይጨምራል። 10 ሜትር ላይ የተሳበ አየር ጠላቂው ትንፋሹን ይዞ ወደ ላይ ቢወጣ መጠኑ በእጥፍ ይሰፋል፤ ሳንባንም ሊቀድ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ ትንፋሽን ፈጽሞ አለመያዝ ነው፤ ሁለተኛው ቀስ ብሎ መውጣት፤ ሦስተኛው ብቻን አለመጥለቅ። ካሜራ እነዚህን ሦስቱንም ያስረሳል። ዓሣውን እያዩ የአየር መለኪያውን ማየት የዘነጉ፣ ጓደኛቸው የት እንደሄደ ያላስተዋሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። ልጅዎ መጥለቅ ልማር ቢልዎ መከልከል አያስፈልግም፤ በታወቀ አሠልጣኝ ሥር መጀመሪያ መጥለቁን ብቻ ይማር፣ ካሜራው ይቆይ።

ስልክን በላስቲክ ከረጢት አድርጎ ባሕር ስለማስገባትም ተጠይቀናል። ስልኩ ላይ «ውሃ አይጎዳውም» ተብሎ የተጻፈው የተለካው በንጹሕና በረጋ ውሃ ነው፤ ጨዋማው ባሕር ሌላ ነገር ነው። የካሜራ መያዣ ሣጥኖችንም ከውሃ የሚጠብቃቸው አንድ ቀጭን የጎማ ቀለበት ነው። በቀለበቱ ላይ አንዲት ፀጉር ወይም የአሸዋ ቅንጣት ብትቀር ውሃ ይገባል። ሲመለሱ ደግሞ ሣጥኑን ሳይከፍቱ በንጹሕ ውሃ መዘፍዘፍ ይገባል።

አሁን ፎቶግራፍ ከማሳየት ያለፈ ሥራ ወደሚሠራበት ጉዳይ እንምጣ። ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ በተለይም በአርታ ባሕር ዳርቻ፣ ዌል ሻርክ የሚባሉት የዓለም ትላልቅ ዓሦች ይሰበሰባሉ። እዚህ የሚመጡት አብዛኞቹ ገና ያልጎለመሱ ወንዶች ሲሆኑ ከ3 እስከ 5 ሜትር የሚሆኑ ብዙ ናቸው። ስማቸው ያስፈራ እንጂ ምግባቸው ፕላንክተን ነው። ቆዳቸው ላይ የተበተኑት ነጫጭ ነጠብጣቦች ግን እንደ ሰው የጣት አሻራ ናቸው፤ የአንዱ ከሌላው አይገጥምም። ተመራማሪዎች ከጉንጩ በስተኋላ፣ ከደረቱ ክንፍ በላይ ያለውን የግራ ጎን ፎቶ እያወዳደሩ የትኛው ሻርክ በየትኛው ዓመት ተመልሶ እንደመጣ ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 ዛቨን አርዙማኒያን፣ ጄሰን ሆልምበርግና ብራድ ኖርማን የተባሉ ሰዎች ለዚህ ማወዳደሪያ የሚሆን የኮምፒውተር ዘዴ አሳትመዋል። ዘዴውን ያመጡት የከዋክብትን አቀማመጥ ለማመሳከር በሥነ ፈለክ ይሠራበት ከነበረ ስሌት ነው። ሰማይ ላይ ኮከብ ይፈለግበት የነበረው ስሌት ባሕር ውስጥ ዓሣ ለይቶ አገኘ። የ11ኛ ክፍል የሒሳብ ተማሪዎቻችን ይህን ሲሰሙ ለመጀመሪያ ጊዜ «ይህ ትምህርት ምን ያደርግልናል?» ማለታቸውን አቁመዋል፤ ለአንድ ሳምንት ያህል።

ስለዚህ ከወላጆቻችሁ ጋር ወደ አርታ የምትሄዱ ተማሪዎች፣ ከሻርኩ ጎን ቢያንስ 3 ሜትር፣ ከጅራቱ ደግሞ ከዚያ በላይ ርቃችሁ፣ ያለ ፍላሽ፣ የግራ ጎኑን አንሡ። መንገዱን አትዝጉበት፤ አትንኩት። ቀኑንና ቦታውን ጻፉ። ቀንና ቦታ የሌለው ፎቶ ለአልበም እንጂ ለሳይንስ አይሆንም።

በሙሻም ተመሳሳይ ነገር ጀምረናል። የባሕር ውሃ ለሳምንታት ከተለመደው የበጋ ከፍተኛ ሙቀት በአንድ ዲግሪ እንኳ ሲበልጥ ኮራል በውስጡ ያለውን አልጌ ያስወጣዋል፤ ቀለሙ ሄዶ ነጭ አጥንቱ ይታያል። ሙቀቱ ቶሎ ከበረደ ሊያገግም ይችላል፤ ከቆየ በረሃብ ይሞታል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ሳይንቲስቶች እስከ ዛሬ ከተመዘገቡት ሁሉ አራተኛው ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት እየተካሄደ መሆኑን አስታውቀዋል። በእኛ ደሴት ያለው ኮራል በዚህ መካከል እንዴት እንደሆነ ለማወቅ ያለፈው ዓመት ፎቶ ያስፈልገን ነበር፤ በእጃችን ያለው ግን በፈገግታ የቆሙ ልጆች ፎቶ ብቻ ሆነ። ከኋላቸው ውሃ እንጂ ኮራል አይታይም።

ስለዚህ የፊዚክስ መምህራችን በሁለተኛው ቀን ጉዟቸው የመኪና ጎማ የሚያህል አንድ ክብ ኮራል መረጡ። አጠገቡ፣ ሳይነካው፣ ነጭ ማስመሪያና አምስቱን ካርዶች ይዘው በጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ከሰሜን በኩል፣ ከአንድ ሜትር ርቀት አነሡት። ካርዶቹ የተያዙት በሚቀጥለው ዓመት ፎቶው ላይ ያለው ልዩነት የውሃው ይሁን የኮራሉ ለመለየት ነው፤ ቀዩ ካርድ በሁለቱም ፎቶ እኩል ቀይ ከሆነና ኮራሉ ከነጣ፣ የነጣው ኮራሉ ነው። ቦታውን በጂፒኤስ መዝግበናል፤ ጀልባ ነጂው አዛውንትም ከባሕር ዳሩ ሁለት ምልክት ወስደው በራሳቸው ዘዴ ይዘውታል። ፎቶው በገጽ መጨረሻ ላይ ታትሟል። ከጎኑ ያለው ባዶ ሳጥን የማተሚያ ቤት ስሕተት አይደለም፤ የመጪው ጥር ፎቶ የሚለጠፍበት ስለሆነ መጽሔታችሁን አትጣሉት።